አለቃና ምንዝር በአንድ ሐኪም ፊት

በ1820ዎቹ የፓሪስ ሐኪሞች ሞት አንዱን ሰፈር ትቶ ሌላውን ለምን እንደሚደጋግም ቢጠየቁ መልስ አያጡም ነበር። የሴን ወንዝ እርጥበት ነው ይላሉ፤ የመንገዱ ጥበት ነው ይላሉ፤ የነፋሱ አቅጣጫ ነው ይላሉ። በናፖሊዮን ጦር ውስጥ በቀዶ ሐኪምነት ያገለገለው ሉዊ ረኔ ቪለርሜ ግን የከተማዋን የሞት መዝገብ ዘርግቶ 12ቱን ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ምክንያት ጋር ያስተያይ ጀመር። ከወንዙ ርቀት ጋር አልገጠመም። ከሕዝቡ ጥግግት ጋርም አልገጠመም። የገጠመው ከግብር ሰብሳቢው ዝርዝር ጋር ነበር። ነዋሪዎቻቸው ደሃ በመሆናቸው ከግብር ነፃ የተደረጉ ቤቶች የበዙበት ወረዳ፣ ሟችም የበዛበት ሆኖ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዞች ትንሽ ቆይተው ነገሩን በዕድሜ አሰሉት። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የንጽሕና ሁኔታ ባወጣው ሪፖርት የፋብሪካ ከተማ የሆነችውን ማንቸስተርን ከራትላንድ ገጠር ጎን አስቀመጣት። በማንቸስተር የከበርቴና የባለሙያ ወገን በአማካይ በ38 ዓመቱ ይሞታል፤ ነጋዴው በ20፣ ሠራተኛው በ17። በራትላንድ ቁጥሮቹ 52፣ 41 እና 38 ናቸው። አማካዩን እንዲህ ቁልቁል የጎተቱት በለጋነታቸው የሚቀጠፉት ሕፃናት ናቸው እንጂ የማንቸስተር ሠራተኛ ሁሉ በ17 ዓመቱ ይቀበር ነበር ማለት አይደለም። ቢሆንም የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ከከተማው ከበርቴ እኩል መቆጠሩ ያስገርማል።

ቻድዊክ ሐኪም ሳይሆን የሕግ ሰው ነበር። በ1834 የወጣውንና ለችግረኛ የሚሰጠውን ርዳታ ያጠበቀውን ሕግ ካረቀቁት አንዱም እሱ ነው። ድህነትን ጥፋተኛ ቢያደርግ በገዛ ሕጉ ላይ መመስከር ይሆንበታል። ስለዚህ ፍርዱን በቆሻሻው ላይ ጣለ፤ ቆሻሻ በሽታን ይወልዳል፣ በሽታ ደግሞ ሰውን ያደኸያል አለ። በዚህ አስተሳሰብ የተቆፈሩት የፍሳሽ ቦዮች እልፍ ሕይወት ስላተረፉ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ሰውዬው ሳያስበው ለሚቀጥሉት 150 ዓመታት የሚያከራክር ጥያቄ ትቶ ሄደ። ሰው ደሃ ስለሆነ ይታመማል ወይስ ስለታመመ ይደኸያል?

ሩዶልፍ ፊርኾ ለዚህ ጥያቄ ትዕግሥት አልነበረውም። የፕሩስያ መንግሥት በ1848 ክረምት ተስቦ የሚፈጀውን የላይኛውን ሲሌዝያ እንዲመረምር ሲልከው ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመለሰና ሪፖርቱን ጻፈ። መንግሥት የጠበቀው ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም ቁጥር ነው፤ ፊርኾ ያዘዘው ግን ዴሞክራሲ፣ በሕዝቡ በራሱ ቋንቋ በፖላንድኛ የሚሰጥ ትምህርት፣ መንገድና ፍትሐዊ ግብር ነበር። በዓመቱ በርሊን ውስጥ ከነበረው ሥራ ተነሣ። በኋላ ዘመናዊ ሕክምና ከሚኮራባቸው ታላላቅ ሳይንቲስቶች አንዱ ቢሆንም፣ ያን የወጣትነት ሪፖርቱን አንድም ቀን አልካደውም።

ከዚያ በኋላ ቆጠራው እየረቀቀ ሄደ። በ1911 የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ቲ. ኤች. ሲ. ስቲቨንሰን የተባለ የመዝገብ ቤት ሐኪም አባቶችን በሥራቸው መድቦ የልጆቻቸውን ሞት አሰላ፤ ምደባው ተሻሽሎ ከላይ ከባለሙያው እስከ ታች የጉልበት ሠራተኛው አምስት መደብ ሆነ። በየዐሥር ዓመቱ ሠንጠረዡ ሲወጣ የታችኛው መደብ ከላይኛው ቀድሞ ይሞታል። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ሲጀምር ብዙዎች ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል ብለው አመኑ። ሀብታምም ደሃም ያለ ክፍያ ከአንድ ሐኪም ፊት ከቀረበ ልዩነቱ ከወዴት ይመጣል?

ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ይባስ ብሎ ጥናቱን የሚያወሳስብ አዲስ ነገር በ1953 ለንደን ውስጥ ታየ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጽሮ ሲያይ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳው ሾፌር ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከሚውለው ቲኬት ቆራጭ ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቃል። ግኝቱ በዓለም ተሰማ፤ እንቅስቃሴ ለልብ እንደሚበጅ ካሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱም ሆነ። ሞሪስ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበርና ሌላ መዝገብ ፈልጎ አገኘ፤ የድርጅቱን የደንብ ልብስ መዝገብ። ሾፌሮቹ የሚታደሏቸው ሱሪዎች ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር፤ ያውም ገና ሥራ ሲጀምሩ። ሰውየውን ያወፈረው መሪው ነው ወይስ ወፍራሙ ሰው ነው መሪውን የመረጠው? የቻድዊክ ጥያቄ በሱሪ ልክ ተመልሶ መጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሬይመንድ ኢልስሊ ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን ላይ ጥያቄውን ወደ ጋብቻ አዞረው። የዚያን ዘመን ሴት የኑሮ ደረጃዋን የምትለውጠው በአብዛኛው በባሏ በኩል ስለነበር፣ ኢልስሊ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶችን የአባታቸውን መደብ ከባላቸው መደብ ጋር አስተያየ። ከአባቷ ቤት ወደ ላይ የተዳረችው ረዘም ያለች፣ ጤናዋ የተሻለና ልጇ በወሊድ ጊዜ የመሞት ዕድሉ ያነሰ ነበረች። ወደ ታች የተዳረችው ተቃራኒዋ ናት። የኑሮ መሰላሉ ጤና ይሰጥ እንደሆነ እንጃ፤ ጤና ያላትን ሴት ግን አንድ ርምጃ ከፍ እንደሚያደርግ አበርዲን መሰከረች።

ያኔ በጋዜጣውም በሐኪሙም ዘንድ የታመነ አንድ ነገር ነበር። የልብ ሕመም የአለቆች በሽታ ነው። ስልክ የሚያንጫርርበት፣ ውሳኔ የሚጠበቅበት፣ እንቅልፍ የሚያጣው ትልቁ ሰው ነውና ልቡም ቀድሞ ይደክማል ተባለ። ለአለቆችም የሚያኮራ በሽታ ሳይሆን አልቀረም።

በ1967 ዶናልድ ሪድና ጄፍሪ ሮዝ ለንደን ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት ኋይትሆል ወደ 18,000 የሚጠጉ ወንድ ሠራተኞችን መመርመር ጀመሩ። ደማቸው ተለካ፣ ክብደታቸው ተመዘነ፣ ስለ ሲጋራቸው ተጠየቁ። የጥናቱ ዓላማ የልብና የሳንባ በሽታ መንስኤዎችን መፈለግ እንጂ የመደብ ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የመንግሥት ሥራ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተመቸ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ደረጃ በወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ከላይ የበላይ አስተዳዳሪዎች፣ ቀጥሎ ባለሙያዎችና ሥራ አስፈጻሚዎች፣ ቀጥሎ ጸሐፊዎች፣ ከሥር ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች።

የሞቱት እየተቆጠሩ ሳለ፣ በውቅያኖሱ ማዶ ማይክል ማርሞት የተባለ ወጣት ሐኪም ስለ ስደተኞች ያጠና ነበር። ለንደን ተወልዶ ሲድኒ ያደገው ማርሞት ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ በሊዮናርድ ሳይም ሥር ለዶክትሬት ሲሠራ የተሰጠው ጉዳይ ጃፓኖች ናቸው። የልብ ሕመም ጃፓን ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሃዋይ በሄዱት ላይ ይጨምራል፤ ካሊፎርኒያ በገቡት ላይ ይብሳል። ምግቡ ነው ማለት ቀላል ነበር። ማርሞትና ሳይም በ1976 ባሳተሙት ጥናት ግን በካሊፎርኒያ ከሚኖሩት ጃፓኖች መካከል የወገኖቻቸውን ማኅበር፣ ዝምድናና ወግ ሳይለቁ የቆዩት የልብ ሕመማቸው ጃፓን ካሉት ወገኖቻቸው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በአኗኗራቸው ጨርሰው አሜሪካዊ በሆኑት ላይ በሽታው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይበዛል። በምግብ፣ በሲጋራና በደም ግፊት የሚለካው ሁሉ ተቀንሶም ልዩነቱ አልጠፋም።

ማርሞት ወደ ለንደን ተመልሶ ከሮዝ ጋር የኋይትሆልን መዝገብ ሲከፍት ሰባት ዓመት ተኩል የተጠራቀመ የሞት ማስታወሻ ጠበቀው። በ1978 የታተመው ውጤት የአለቆችን በሽታ ተረት አፈረሰው። በልብ ሕመም የመሞት ዕድል ከታች ባሉት ተላላኪዎች ላይ ከበላይ አስተዳዳሪዎቹ 3.6 እጥፍ ነበር። ደግሞም ነገሩ የላይና የታች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከአስተዳዳሪው ቀጥሎ ያለው ባለሙያ፣ ደህና ደመወዝ የሚበላ፣ ቤቱ የሚሞቅ፣ ልጆቹ የሚማሩለት ሰው፣ ከበላዩ ቀድሞ ይሞታል። ጸሐፊው ከባለሙያው ቀድሞ። ማንም ደሃ ያልሆነበት፣ ሁሉም ቋሚ ሥራና ጡረታ ያለው፣ ሁሉም በአንድ የጤና አገልግሎት የሚታከምበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሞት የደረጃውን ተራ ጠብቆ ይመጣል።

ታች ያሉት አብዝተው ያጨሱ ነበር፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሕይወታቸው ሲጋራ ባልነኩት መካከልም ያው ልዩነት ታየ። ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ስኳርና ቁመት በአንድነት ተደምረው የልዩነቱን ግማሽ እንኳ አልሞሉም። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቁመት መግባቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የቁመት ነገር በአብዛኛው በልጅነት ማዕድ የሚወሰን ነውና፣ አጠር ያለው ተላላኪ ኋይትሆል ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት የጀመረ ታሪክ በሰውነቱ ይዞ መጥቷል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት የጤናን ልዩነት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ሰር ዳግላስ ብላክ፣ ከአባላቱ አንዱ የሱሪውን መዝገብ ያገላበጠው ጄሪ ሞሪስ ነበር። ሥራው ሲያልቅ መንግሥት ተለውጦ የማርጋሬት ታቸር ካቢኔ ወንበሩን ይዟል። ሪፖርቱ ነሐሴ 1980 በሕዝብ በዓል ሰሞን፣ በ260 ቅጂ ብቻ ተባዝቶ ወጣ፤ የጤና ሚኒስትሩ ፓትሪክ ጄንኪንም ምክሩን መፈጸም በዓመት ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይፈጃል፣ አይታሰብም ብሎ መግቢያ ጻፈበት። ሰው እንዳያየው የተደረገ ሪፖርት እንደሚሆነው ሆነ፤ ሁሉም ፈልጎ አነበበው፣ በ1982 በፔንግዊን ታትሞ በየመጽሐፍ መደብሩ ተሸጠ።

ብላክና ባልደረቦቹ ለልዩነቱ አራት ማብራሪያ አቅርበው ነበር። የቆጠራ ስሕተት፣ የሰዎች ልማድ፣ የኑሮ ሁኔታ እና ምርጫ። አራተኛው የአበርዲን ታሪክ ነው፤ ጤነኛው ይወጣል፣ በሽተኛው ይወርዳል፣ ስለዚህ በሽተኞች ታች ተሰብስበው ይገኛሉ። ይህን ለመፈተን የተመቸ ቡድን በአጋጣሚ ተገኝቶ ነበር። በመጋቢት 1946 አንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ የብሪታንያ ሕፃናት ከልደት ጀምሮ እየተከታተሉ ይጠኑ ነበርና፣ በ1980ዎቹ ጎልማሶች ሆነዋል። በልጅነታቸው በጠና የታመሙት ወንዶች ካልታመሙት ይልቅ ከአባታቸው መደብ ወደ ታች የመውረድ ዕድላቸው ይበልጥ ነበር። ሆኖም እንዲህ የወረዱት በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ በመደቦች መካከል ያለውን ያን ሁሉ የሞት ልዩነት ሊያብራሩ አልቻሉም። ቻድዊክ ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ ግን ብዙውን አልመለሰም።

ስለ መውጣትና መውረድ የሚነገረው ሁሉ እስካሁን መውጣትን እንደ ጥቅም የሚያይ ነው። ይህን ያናጋው ሰው ከሰሜን ካሮላይና መጣ። ሸርማን ጄምስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1978 አንድ ጡረታ የወጡ ጥቁር ገበሬ ቤት ሄዶ የሕይወት ታሪካቸውን አዳመጠ። አዛውንቱ በጢሰኝነት ነበር ሕይወት የጀመሩት፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሱት ለጥቂት ጊዜ ነው። ሌት ተቀን ሠርተው ከዕዳ ወጡና ገና በ40 ዓመታቸው 75 ኤከር የራሳቸው መሬት ነበራቸው። ይህ ሁሉ በደቡባዊ አሜሪካ የዘር መድልዎ በገነነበት ዘመን ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ግን የደም ግፊት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የጨጓራ ቁስል ተፈራረቁባቸው፤ ከጨጓራቸውም ከፊሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ። በጨዋታው መካከል ባለቤታቸው ለምሳ ስትጠራቸው ጄምስ ስማቸውን ሰምቶ ደነገጠ። ጆን ሄንሪ ይባላሉ፤ በጥቁር አሜሪካውያን አፈ ታሪክ በመዶሻው ከእንፋሎት መሰርሰሪያ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈውና እዚያው ላይ የሞተው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስም ነው።

ጄምስ ከዚህ ተነሥቶ መጠይቅ አዘጋጀ፤ ሰው መከራን በብርቱ ጥረት ሊያሸንፍ የሚታገልበትን ልክ የሚመዝን። በ1983 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ጥናቶች፣ ትግላቸው ብርቱ ሆኖ ትምህርታቸውና አቅማቸው ያነሰባቸው ጥቁር ወንዶች የደም ግፊታቸው ከሁሉ የከፋ ሆነ። ያው ብርታት፣ በቂ ትምህርትና ገቢ ባለው ሰው ላይ ግን ጉዳት አላሳየም። ውጤቱ በሌሎች ቦታዎች ሁልጊዜ እንዲሁ አልተደገመም፤ ቢሆንም ጥያቄውን ከሥሩ ለወጠው። ከመሰላሉ ቁመት ባሻገር፣ መሰላሉን ማን ይዞልህ ነው የምትወጣው የሚል ሆነ።

በእነዚሁ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ ሕዝብም ሳያስበው የዚህ ምርምር አካል ሆኗል። ቤተ እስራኤል በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 የሚበልጡት በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዙ። ከጎንደር መንደር ወደ ፎቅ ቤት፣ ሆስፒታል ቅርብ ወደሆነበት ከተማ መግባት በማናቸውም መለኪያ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሐኪሞች ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ ሲመጡ እምብዛም ያልታየባቸው የስኳር በሽታ ገና በወጣትነታቸው እንኳ ሲስፋፋባቸው አዩ። የምግቡ ለውጥና የእግር መንገዱ መቅረት ድርሻ አለበት። በአገራቸው ቄስ ወይም ሽማግሌ የነበረ ሰው በአዲሱ አገር ከታችኛው እርከን መጀመሩ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በደም ምርመራ አይለካም፤ ከማርሞት ጃፓኖች ጎን ሲነበብ ግን አንባቢን ማሳሰቡ አይቀርም።

ማርሞት በ1985 ሁለተኛውን የኋይትሆል ጥናት ጀመረ። በዚህኛው ሴቶችም ገቡ፤ ከ20 መሥሪያ ቤቶች የተውጣጡ 10,308 ሰዎች፣ ሲሶው ሴቶች። አሁን ጥያቄው ከሲጋራና ከኮሌስትሮል አልፎ ነበር። በሥራህ ላይ የመወሰን ሥልጣን አለህ? አለቃህ ያዳምጥሃል? ልፋትህ ምስጋና ያገኛል? ሌላው ሳይቀር ቤት ስትገባ ምን ይሰማሃል? አንዱ ግኝት እንዲህ ነበር። በሥራ ሰዓት የአለቃውም የምንዝሩም የደም ግፊት ተቀራራቢ ነው፤ ከሥራ ሲወጡ ግን የአለቃው ይበልጥ ይወርዳል። ምንዝሩ ቢሮውን በሰውነቱ ተሸክሞ ቤት ይገባል።

በ1997 የታተመው ውጤት ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት የሌለው ሰው አዲስ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ በደረጃዎች መካከል ካለው የልብ ሕመም ልዩነትም ትልቁን ድርሻ ያብራራው ይኸው የነፃነት እጦት ነበር። ሥራ የበዛበት አለቃ ሲወጠር ቢውልም የሚወጥረው ራሱ ነው። ፋይሉን ይዞ ቀጠሮ የሚጠብቀው ጸሐፊ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ ለምን እንደተጠራ፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስንለት ሌላ ነው።

የኋይትሆል አጥኚዎች ያላቀዱት ፈተናም ከመንግሥት በኩል መጣላቸው። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች አንዱ፣ የመንግሥትን ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ለግል እንዲሸጥ ተወሰነ። ሠራተኞቹ አስቀድመው ተመርምረው ስለነበር ጤናቸው ከባልደረቦቻቸው የማያንስ እንደነበር ይታወቃል። ወሬው ከተሰማ በኋላ፣ አንድም ሰው ሳይሰናበት፣ ጤናቸው ከሌሎቹ ይልቅ ማሽቆልቆል ጀመረ። ሰውን የጎዳው ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም፤ ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቅም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሠራል።

መውጣትና መውረድስ? ሜል ባርትሊና ኢያን ፕሉዊስ በዚያው 1997 በእንግሊዝና ዌልስ ሰፊ መዝገብ ላይ ሠርተው ለአበርዲኑ ጉዳይ እልባት ሰጡ ለማለት ይቻላል። ወደ ላይ የወጣው ሰው ትቶት ከመጣው መደብ የተሻለ፣ ከደረሰበት መደብ ግን የከፋ ጤና አለው። ወደ ታች የወረደውም እንዲሁ መካከል ላይ ነው። ስለዚህ መውጣትና መውረዱ በመደቦች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ያጠብባል እንጂ አያሰፋም። ይህም ማለት ሰው በደረሰበት ወንበር ላይ የተሳፈረበትን ሠረገላ ይዞ ይቀመጣል፤ ልጅነቱ ከማዕረጉ ጋር አይሻርም።

በ2000 ናንሲ አድለር አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ወደ አንድ ሥዕል አቀለለችው። ባለ 10 እርከን መሰላል ሥላ፣ በኅብረተሰባችሁ ውስጥ የቱ ላይ እንዳላችሁ ምልክት አድርጉ አለች። መልሱ ከደመወዝና ከዲግሪ ተነጥሎ ስለ ጤና የሚናገረው ነገር ነበረው። ሼልደን ኮኸን ደግሞ በ2008 በታተመ ጥናት 193 ጤነኛ ሰዎችን ሆቴል ውስጥ አግልሎ አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ወይም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጨመረ። በመሰላሉ ላይ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያስቀመጡት ይበልጥ ጉንፋን ያዛቸው።

በዚያው 2008 ማርሞት የመራው፣ አማርትያ ሴን በአባልነት የተቀመጠበት የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ብዙዎች ያስታወሱት አንድ ንጽጽር ብቻ ነው። ግላስጎው ከተማ ካልተን በሚባለው ሰፈር የሚወለድ ወንድ የሚጠበቅበት ዕድሜ 54 ሲሆን፣ ብዙም በማይርቀው ሌንዚ 82 ነው። ቪለርሜ ይህን ቢያይ አይደነግጥም ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ከዚያ ቀደም ብሎ ያልተለመደ ሙከራ አድርጎ ነበር። ከ1994 እስከ 1998 በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ከመንግሥት የኪራይ ቤቶች 4,600 ያህል ቤተሰቦች በዕጣ ተከፈሉ። ዕጣ የወጣላቸው ደሃ ወደማይበዛበት ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጎማ አገኙ። ከ10 እስከ 15 ዓመት በኋላ ሲጠና የእናቶቹ ገቢና ሥራ አልተለወጠም። የጎላ ውፍረትና የስኳር በሽታ ግን ዕጣ ካልወጣላቸው በ3 እና በ5 በመቶኛ ነጥብ መካከል ቀንሶ ተገኘ፤ በኑሯቸው ደስተኛ ነን የሚሉትም በዙ። ከድሆች ሰፈር ወጥተው እነሱው ደሃ ሆነው ሳሉ ሰውነታቸው ልዩነቱን አወቀ። በልጆቹ ላይ ታሪኩ ይለያያል። የልጃገረዶቹ የአእምሮ ጤና ሲሻሻል ወንዶቹ ላይ ድብርትና የመንፈስ ስብራት ጨመረ። ከ13 ዓመት በታች ሳሉ የተዛወሩት ደግሞ በሃያዎቹ አጋማሽ 31 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

2015 ሁለት ጥናቶች የወጡበትና ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያንቀጠቀጡበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ከጆርጂያ ገጠር ነው። ግሪጎሪ ሚለር፣ ጂን ብሮዲና ኢዲት ቼን ወደ 300 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶችን ለዓመታት ተከታተሉ። ከድሆች ቤት መጥተው ራሳቸውን የሚገዙት፣ የሚያጠኑት፣ ከመጠጥና ከዕፅ የሚርቁት ወጣቶች እንደታሰበው ድብርት አልያዛቸውም፤ ቤተሰቡም መምህሩም የሚመካባቸው ናቸው። ደማቸው ሲመረመር ግን ሕዋሶቻቸው ከዕድሜያቸው ቀድመው አርጅተዋል። ያው ራስን መግዛት ከደህና ቤተሰብ በመጡት ላይ ሕዋሶቻቸውን ወጣት አድርጎ አቆየ። የካሮላይናው ገበሬ ታሪክ በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ሰዎች ላይ በላቦራቶሪ ተጻፈ።

ሁለተኛው ከብሪታንያ ነው። ቤት ሊዩ፣ ሪቻርድ ፔቶና ባልደረቦቻቸው ከ700,000 የሚበልጡ ሴቶችን መዝገብ መርምረው፣ ደስታ በራሱ ዕድሜ እንደማያስረዝም፣ ሐዘንም በራሱ እንደማይገድል አሳዩ። ደስተኛ ያልሆኑት ቀድመው የሞቱት ቀድሞውኑ የታመሙ ስለነበሩ ነው። ይህ ጥናት ብዙ የመጽሔት ምክርን ያረከሰ ነውና ከተነበበው በላይ ቢነበብ ይበጅ ነበር። ተላላኪው ፈገግ ቢል ልቡ የአስተዳዳሪውን ዕድሜ አያገኝም።

በ2016 ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ 1.4 ቢሊዮን የሚሆኑ የአሜሪካ የግብር መዝገቦችን ከሞት መዝገብ ጋር አገናኙ። በገቢ ከሁሉ በላይ ያለው አንድ በመቶ ወንድ ከሁሉ በታች ካለው አንድ በመቶ 14.6 ዓመት የበለጠ ይኖራል፤ በሴቶች ልዩነቱ 10.1 ዓመት ነው። ለድሆቹ ግን አገሩ ሁሉ አንድ አይደለም። ኒው ዮርክ ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ደሃ ዲትሮይት ካለው ደሃ ይልቅ ዓመታት ይጨምራል፤ ሀብታሙ ግን የትም ቢኖር ብዙ ለውጥ የለበትም።

ማርሞት በ2010 ለእንግሊዝ መንግሥት ባዘጋጀው ሪፖርት በድሃውና በሀብታሙ ሰፈር መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት 7 ዓመት፣ ያለ አካል ጉዳት የሚኖሩት ዕድሜ ልዩነት ደግሞ 17 ዓመት መሆኑን አሳይቶ ነበር። ምክሩ በልጅነት ላይ፣ በሥራ ላይና በገቢ ላይ መጀመር የሚል ነው። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት መንግሥት በጀት የቆረጠባቸው ነበሩ፤ ከተቆረጠባቸውም መካከል ለሕፃናትና ለእናቶች የተከፈቱት የየሰፈሩ ማዕከላት ይገኛሉ። በየካቲት 2020 ኮቪድ ሊስፋፋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ማርሞት ሁለተኛ ሪፖርት ይዞ ቀረበ። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጨምር የኖረው የእንግሊዛውያን ዕድሜ ከ2010 ወዲህ መጨመሩን ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ከሁሉ በደኸዩት ዐሥር በመቶ ሰፈሮች የሚኖሩት ሴቶች ዕድሜ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ቀንሷል።